በመስመሩ ጫፍ ላይ

ፕሪንተሩ አራተኛውን ወረቀት እየተንጫጫ ሲያወጣ ኬሌራ እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ ቀድማ አነሳችው። ያው ነው። የጤና ጣቢያው ስም በሚጻፍበት ቦታ ሁለት ጽሑፍ አንዱ በአንዱ ላይ ታትሞ ጥቁር ድሪቶ ሆኗል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ ዓይኗን አጥብባ ስታየው፣ ከላይ የተደረበው ጽሑፍ «ጣቢያው አይታወቅም» ይላል። አርባ ሦስት ጣቢያ፣ አርባ ሦስት ጊዜ አይታወቅም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። መርከቧ አሥር ሰዓት ላይ ከሱቫ ወደብ ወደ ላው ደሴቶች ትነሣለች። ከዚያ በኋላ የምትመለሰው በወሩ ነው፤ ያውም ባሕሩ ከፈቀደ። ወደቡ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ ከዚህ ከመድኃኒት መጋዘኑ ዝርዝር ካልደረሰው አንዲት ብልቃጥ አያወጣም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የኬሌራ ፕሮግራም ነው። ያለፈው ቅዳሜ ከአሮጌው ኮምፒውተር አንሥታ፣ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ወዳለው አዲስ ማሽን አዛውራዋለች። ስታዛውረው ሞክራው ነበር፤ እንከን አልነበረውም። የሞከረችው ግን እሷው ራሷ በጻፈችው የይስሙላ ዝርዝር ነው።

የእውነተኛውን ዝርዝር ፋይል በየወሩ የሚጽፈው ሳኪዩሳ ነው። ከደሴቶቹ ነርሶች ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል፣ የሚሉትን ከደረት ኪሱ በማትለየው ደብተር ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ ፋይሉ ይገለብጣል። የሚቀመጠው ከኬሌራ ጀርባ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ሲያስነጥስ ትሰማዋለች።

«ፕራሚላ፣ እባክሽ ጠይቂልኝ» አለች ኬሌራ። «ዝርዝሩ ላይ የቀየረው ነገር አለ?»

ፕራሚላ የቁርስ ሮቲ ቂጣዋን ገና መጠቅለሏ ነበር። «አሁን ተቀመጥኩ እኮ» አለች። ቢሆንም ተነሣች። በዚያች አምስት እርምጃ መንገድ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሳለች። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅዋ ተሰማ፤ የሳኪዩሳም ዝግ ያለ መልስ ተሰማ። ኬሌራ ቃሉን እየሰማች ያልሰማች መስላ ወረቀቱን ታገላብጣለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ፕራሚላ ተመልሳ መጣችና፣ «ምንም አልቀየርኩም ይላል። እንደ ሁልጊዜው ነው የጻፍኩት ይላል። ሰላምም ብሎሻል» አለች።

ሰላም አላለም። ኬሌራ ሰምታለች። የፕራሚላ መልእክት ግን ሁልጊዜ ትንሽ ጨው አይጠፋውም።

ሳኪዩሳ የኬሌራ የአባቷ ታላቅ ወንድም ልጅ ነው። በሱቫ ሰው አፍ የአጎት ልጅ ሊባል ይችላል፤ በደሴታቸው በቱቩላ ግን ወንድም ነው። ኬሌራ አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ሲሞቱባት ያሳደጓት የእሱ እናት ሎሳና ናቸው። በአንድ ምንጣፍ ተኝተው፣ ከአንድ ሳህን ካሳቫ ተሻምተው አደጉ። እሷ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ጊዜ አያታቸው ሁለቱንም ጠርተው፣ ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ወንድምና እኅት ናችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትነጋገሩም አሏቸው። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ጥል አይደለም፤ መከባበር ነው። እኅት ወደ ቤት ስትገባ የበሩን ምሰሶ በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፤ ወንድም ያን ሲሰማ በሌላኛው በር ይወጣል። መጋዘኑ ሁለት በር ስላልነበረው ፕራሚላ ተገኘችላቸው። የኢሜይል መልእክታቸው እንኳ ሁሉም የሚጀምረው «ውድ ፕራሚላ» ብሎ ነው።

አያታቸው በጠሯቸው ዕለት ጠዋት ሳኪዩሳ ከታንኳው ላይ ሆኖ፣ «መንጠቆዬን ያየ አለ? አንቺ ነሽ የወሰድሽው?» ብሏት ነበር። አባቱ ከሱቫ ያመጡለት የሚያብረቀርቅ መንጠቆ ነው። ሳትመልስለት ተጠሩ። ወስዳው ነበር፤ ወስዳም ከባሕሩ ድንጋይ መካከል ጥላዋለች። ሰው የማያስታውሰውን እሷ ታስታውሳለች፤ የመጨረሻ ቃሉ ጥያቄ ሆኖ መቅረቱ ነው የሚከነክናት።

አምስት ሰዓት ላይ አለቃቸው አፓኩኪ ሱሉውን፣ ያን የወንድ ሽርጥ፣ እያስተካከለ ገባ።

«ካፒቴኑ ሁለቴ ደውሏል» አለ። «አልሆነልሽም አይደል? ያለፈውን ወር ዝርዝር አትመን እንላከውና ነገሩን እንገላገል።»

«ያለፈው ወር ላይ ቱቩላ አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው ያለው» አለች ኬሌራ። «ነርሷ ሰኞ በሬዲዮ አዲስ የስኳር ሕመምተኞች ጨምራለች፤ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። እናቴ ሎሳናም አሉበት።»

«በስንት ከፍ ብሏል?»

«እሱ ነው የመዘገበው።»

አፓኩኪ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። ሱቫ ተወልዶ ሱቫ ያደገ ሰው ነው። «እኔና እኅቴ ስንሰዳደብ ነው የምንውለው» አለ። «እናንተ በአንድ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብላችሁ አማላጅ ትላላካላችሁ። ፕራሚላ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልጇ ዘንድ ብሪዝቤን ልትሄድ ነው፤ ያኔ ምን ልትሆኑ ነው?»

«እርግብ ግዙላቸው» አለች ፕራሚላ ሮቲዋን እያላመጠች።

አፓኩኪ እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ሰጥቷት ወጣ። ካልሆነ ያለፈው ወር ዝርዝር ይሄዳል።

ኬሌራ ፕሪንተሩን መጠርጠር ተወችና ወደ ስክሪኑ ዞረች። በስክሪኑ ላይ ደግሞ ድሪቶው የለም፤ የጣቢያው ስም ጭራሽ ጠፍቶ፣ በቦታው «ጣቢያው አይታወቅም» ብቻ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቀላል ነው። ከሳኪዩሳ ፋይል አንድ መስመር ያነብባል፤ መድኃኒቱን፣ ብዛቱን፣ በመጨረሻም የጣቢያውን ስም ይወስዳል፤ ያንን ስም ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ቱቩላ የሚለውን ከሳኪዩሳ ፋይል፣ ቱቩላ የሚለውን ከፕሮግራሙ መዝገብ አወጣችና አንዱን በሌላው አናት ላይ አስቀመጠች። ለዓይን መንታ ናቸው። ፕሮግራሙ ግን አንድ አይደሉም ይላል።

እስቲ ልየው ብላ የቱቩላን መስመር ከፋይሉ አጠፋችና በራሷ እጅ እንደገና ጻፈችው። ብዛቱን ለሙከራ ያህል ፊት ለፊቷ ከተሰቀለው ካለፈው ወር ወረቀት ገልብጣ አራት አለች። ፕሮግራሙን አስነሣችው። አርባ ሁለት ጣቢያ አይታወቅም፤ ቱቩላ ግን ከነስሙ ጥርት ብሎ ወጣ።

ምንም የለወጠችው ነገር የለም። የጻፈው እጅ ብቻ ነው የተለወጠው። ይህ ሲገባት ገና ከወንበሯ ቀና ከማለቷ፣ አፓኩኪ በመስኮቱ ብቅ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ጠየቃት። ቁልፉን ፈልጋ ሰጠችውና ተመልሳ ፋይሉን አስቀምጣ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የቀረው አጭር ነበር። የአንዱን ጎረቤት ጣቢያ ስም ወስዳ ፊደሉን አስቆጠረችው። በወረቀት ስትቆጥረው ስድስት ነው፤ ማሽኑ ሰባት አለ። ሌላውን አስቆጠረች፤ በወረቀት ስምንት፣ በማሽኑ ዘጠኝ። ሁሉም ላይ አንድ አንድ ትርፍ አለ። ስውሩን ነገር ሁሉ አሳይ የሚል ትእዛዝ ስትሰጥ፣ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ተቀምጣ አገኘች።

አወቀቻት። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ሽማግሌ መምህር በድሮው የጽሕፈት መኪና ነበር ያስረዷቸው። ጸሐፊው መስመር ሲጨርስ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጻፊያውን ወደ መስመሩ መነሻ ይመልሳል፣ ወረቀቱንም ወደ ላይ ያሽከረክራል። የአሮጌው ኮምፒውተር ሥርዓት ሁለቱንም በሁለት ምልክት ይመዘግባል። የአዲሱ ማሽን ሥርዓት አንዱ ይበቃኛል ብሎ «ተመለስ» የሚለውን ትቶታል። ስለዚህ «ተመለስ» የሚለው ሲመጣበት የስሙ አካል ይመስለዋል፤ አያይዞ ያስቀረዋል። ሊያትመው ሲል ደግሞ ቃሉ ይፈጸማል፤ መጻፊያው ወረቀቱ ሳይንቀሳቀስ ወደ መነሻው ይመለስና ቀጣዩን ጽሑፍ በስሙ ላይ ይጽፍበታል።

ሳኪዩሳ እንዳለው እንደ ሁልጊዜው ነው የጻፈው፤ በአሮጌው ማሽን ላይ። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

«ፕራሚላ፣ ፕሮግራሙን ማዛወሬን ያውቃል?»

«ሰኞ ዕለት ጠይቆኝ ነበር» አለች። «ወደ ሌላ ማሽን ወሰደችው እንዴ፣ ሳትነግረኝ? አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያቺ ‹ሳትነግረኝ› የምትለዋ ቅር ያለው ሰው ቃል መሰለችኝ። ፊቱም ጠቆር ብሎ ነበር። ምን ብዬ ላምጣልሽ? እኔ ዘጠኝ ዓመት ሳላጣላችሁ የቆየሁት የሚጎረብጠውን እያወጣሁ ነው።»

ኬሌራ ተናደደች። ንዴቷ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ራሷ ዞረ። ቅዳሜ ፕራሚላ ዕረፍት ላይ ነበረች፤ የሚነግርላት ሰው ስላልነበረ ሰኞ እነግረዋለሁ ብላ ረሳችው። ጥፋቱ የእሱም ነው ማለት አልቻለችም፤ እሱ ጠይቋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሆኖ ሲደርስ ያሳፍራል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ ያቺ ምልክት ጫፉ ላይ ካለች እንዲያራግፋት፣ ከሌለች እንዲያልፍ አደረገችው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሦስቱም ጣቢያ በየስማቸው ወጡ። አፓኩኪ ወረቀቱን አይቶ ሙገሳ አልሰጠም፤ «ቀጭን ነገር ናት ለካ» ብቻ አለ። ከዚያ ደረቁን ዕቃ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ፕራሚላንም ዘበኛውንም ለመረካከቡ እንዲያግዙ ይዞ ወደ ወደቡ ወረደ። ኬሌራ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ዝርዝር ለብቻው አጣርታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በስልክ ፎቶ እንድትልክ ተነጋገሩ። ዘጠኝ ካለፈ ሣጥኖቹ ይታሸጋሉ።

ዝናቡ መጣ። ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ዝርዝሩን ለማጣራት በጣቷ እየተከተለች ወደ ቱቩላ ደረሰች። ኢንሱሊን፣ አራት።

መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ፊት ለፊቷ የተሰቀለውን ያለፈውን ወር ወረቀት አየች። አራት የእሷ አራት ነው፤ ለሙከራ የጻፈችው። የሳኪዩሳን ቁጥር በገዛ እጇ አጥፍታ፣ በገዛ እጇ አስቀምጣ ዘግታዋለች። እውነተኛው ቁጥር ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ በአንድ የደረት ኪስ ውስጥ ነው።

ፕራሚላ ጋ ደወለች፤ ስልኩ እዚያው ከፕራሚላ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ጮኸ። አፓኩኪ ጋ ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። ከካፒቴኑ ጋር ሲጨቃጨቅ ማን ያስቆመዋል። በግምት ቁጥር ልጻፍ አለች። አብዝታ ብትጽፍ ከአንዱ ደሴት ቀንሳ ነው፤ የሌላ ሰው እናት ደግሞ እዚያ አሉ። አሳንሳ ብትጽፍ ሎሳና አንድ ወር ይጠብቃሉ። ሎሳና የሚጠብቁት ዓይነት ሴት ናቸው፤ ሕመማቸውን ሰው ሳይሰማ ይጠብቃሉ። ፈራች።

ያኔ ነው ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ መቅረታቸውን ልብ ያለችው። እሱም ልብ ሳይለው አልቀረም፤ ወንበሩ ሲገፋ ሰማች። ደንቡ ይኸው ነው፤ ከእኅቱ ጋር ለብቻው የቀረ ወንድም ዝናብም ቢሆን ይወጣል።

ኬሌራ ፋይሉን ከፈተችው። ከመስመሮቹ ሁሉ በላይ የመሰላል ምልክት፣ ማለትም #፣ አደረገች። በመሰላል የጀመረን መስመር ፕሮግራሙ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ለሰው ተብሎ የተጻፈ እንጂ ለማሽን አይደለም። ስልክ ቃል ነው፤ መልእክትም ቃል ነው። ይሄ ግን ተጽፎ ያልተጻፈ ነገር ነው። አያታቸው ስለ ፋይል ያሉት የለም። እንደዚህ እያለች ራሷን አታለለችና ጻፈች።

«# ቱቩላ፣ ኢንሱሊን ስንት? ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ።»

አስቀመጠችው። ፋይሉ በሌላ ሰው ሲነካ የእሱ ማሽን የምታሰማት ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ጢን አለች። እርምጃው ግን በሩ ጋ ደርሷል። ኬሌራ ኮምፔንሳቶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

እርምጃው ቆመ። ያ ምት በሕይወቱ ሁሉ ውጣ ማለት ነበር። በሩ ሲከፈት የዝናቡ ድምፅ ጎልቶ ገባ። ደግማ መታች፤ አሁን በጡጫ፣ ሦስት ጊዜ። እንዲህ ያለ ምት በቱቩላ ደንብ ውስጥ የለም።

በሩ ተዘጋ። ወንበሩ ተንቀጫቀጨ። ኬሌራ ሰዓቷን እያየች ቁጭ አለች። ከዚያ የኪቦርዱ ድምፅ መጣ፤ በሁለት ጣት የሚጽፍ ሰው ድምፅ፣ አንድ በአንድ።

ፋይሉን እንደገና ከፈተችው። ከእሷ መስመር ሥር ሌላ መስመር ነበር።

«# ዘጠኝ። የእናታችን ሁለቱ ውስጡ ናቸው።»

ስውሩን የማሳየት ትእዛዝ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው። በመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ስታሳድዳት የዋለችው ምልክት ተቀምጣለች። ዛሬ ጠዋት ብትሆን ትረግማት ነበር። አሁን የእሱ እጅ እንደሆነ የምታውቀው በምልክቷ ነው። ዘጠኝ ብላ ጻፈች፣ አተመች፣ ፎቶ አንሥታ ላከች። ከማቀዝቀዣ ክፍሉ «ደርሷል» የሚል መልስ ሲመጣ ለዘጠኝ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀር ነበር። በእጇ ተሸፍና ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠረገች።

መርከቧ ከተነሣች በኋላ አፓኩኪ ከወደቡ ደወለ። ሁሉም ተጭኗል። አሁን አንድ ነገር ይቀራል አለ፤ የጠዋቱ ጥፋት የማን እንደሆነ ጽፈሽ አምጪ።

«የእኔ ነው» አለች። «ሳዛውረው አልነገርኩትም።»

«እሱም ከሰኞ ጀምሮ በአዲሱ ማሽን ይጻፍ። ፋይሉንም ከዚያ ከምትይው ምልክት አጽጂው።»

«አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ያነባል።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ» አለ አፓኩኪ። «ፕራሚላ ስትሄድ በማን እንደምትላላኩ ግን አስቢበት።»

ስልኩን ዘጋችና ፋይሉን ለማጽዳት ጽፋው የነበረውን ትእዛዝ ከስክሪኑ አጠፋችው። የቀራት በመሰላል የሚጀምሩትን ሁለት መስመሮች ማንሣት ነበር። የወሩ ፋይል ሲቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር አይተውበትም። ጠቋሚውን ወደ መስመሮቹ ወሰደችው።

ከግድግዳው ወዲያ ሳኪዩሳ አልወጣም። ዝናቡ ቆሟል፣ የሥራ ሰዓት አልቋል፣ ፕራሚላም አልተመለሰችም፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ነው። ትንፋሹ ይሰማል።

ኬሌራ መስመሮቹን አላነሣችም። ጠቋሚውን ከእሱ መስመር ሥር አወረደችና አንድ መሰላል ጨመረች። ብዙ አሰበች፤ የጻፈችው ግን አጭር ነው።

«# መንጠቆህን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ጣቷን ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ አቆየችው። ከዚያ ፋይሉን አስቀመጠችው፤ ከግድግዳው ወዲያም ጢን አለ።